ሰባት ሆነን ሄድን፤ ሰባት ሆነን ደረስን

ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ተማሪዎቻቸውን በሚጠሩበት ወራት በየከተማው መናኸሪያ ማለዳ የሚታይ አንድ ነገር አለ። ገና ጎሕ ሳይቀድ ከአውቶቡሱ አጠገብ እናት ታለቅሳለች፤ አባት ዕንባውን ላለማሳየት ፊቱን አዙሮ የአውቶቡሱን ጎማ የሚመረምር ይመስላል፤ ልጁ ግን ልቡ ቀድሞት ሄዷልና ቶሎ በተነሣን እያለ ይቁነጠነጣል። ይህ ልጅ የመልቀቂያውን ፈተና አልፏል። ነገር ግን ከዚያ ቀጥሎ ማንም መምህር ያላዘጋጀው፣ በወረቀትም ያልተጻፈ ሌላ ፈተና ከፊቱ እንደሚጠብቀው አያውቅም። ይኸውም በትልቅ ከተማ የሚውልበት የመጀመሪያው ቀን ነው።

ይህን ፈተና እኔ የተፈተንሁት በመስከረም ወር 1988 ዓ.ም. ነው። ውጤቴ የሚያኮራ አልነበረም። ቢሆንም ዘንድሮ ለዚሁ መንገድ ሻንጣውን የሚያስር ወጣት ቢያነበው ይጠቅመው ይሆናል በማለት እንዳለ እጽፈዋለሁ።

በዚያ ዓመት ከደብረ ማርቆስ፣ ከአንድ ክፍል፣ ሰባት ልጆች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለመማር ተመደብን። አምስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ነበርን። ከሰባታችን አዲስ አበባን አይቶ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ግን አንድ አጎቴ ከዚያ እየመጣ የሚያወራውን ስለ ሰማሁ፣ መርካቶና ፒያሳ እያልሁ በመናገር የማውቅ መስዬ ቆይቼ ነበር። ጓደኞቼም አምነውኝ «መሪያችን አንተ ነህ» አሉኝ። ሰው ያላየውን ነገር አውቃለሁ ማለት የሚጀምረው በጨዋታ ነው፤ የሚከፍለው ግን በቁም ነገር ነው።

ከመካከላችን አንዱ አባትና እናት የሉትም፤ ያሳደጉት ጠላ እየጠመቁ የሚሸጡ ሴት አያቱ ናቸው። እኒያ ሴት በጉዞው ዋዜማ ወደ ቤታችን መጡና እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ልጄ፣ ይህ ልጅ ወንድም የለውም፤ ወንድሙ አንተ ነህ። አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር!» አሉኝ። እኔም «እማማ፣ አያስቡ፤ ከዓይኔ አላጠፋውም» ብዬ መለስሁላቸው። ቃል መስጠት እንዴት ቀላል ነው!

በማግሥቱ ከንጋቱ በ12 ሰዓት አውቶቡሱ ተነሣ። የቆርቆሮ ሳጥኖቻችን ከጣራው ላይ ታስረዋል፤ በጭናችን ላይ በሶና ዳቦ ቆሎ የያዘ ከረጢት አለ። የወንዶቹ ገንዘብ በሱሪ እጥፋትና በሸሚዝ ገበር ውስጥ ተሰፍቷል፤ የሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሯል። ከደብረ ማርቆስ እስከ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሉማሜንና የትኖራን እስክናልፍ ድረስ እየዘፈንን ሄድን። ደጀን ደርሰን የዓባይ በረሃ አፉን ከፍቶ ሲጠብቀን ባየን ጊዜ ግን ዘፈኑ ቀስ በቀስ ቆመ።

ይህን ሸለቆ በመጽሐፍ ያነበበ ሰው አነበበው እንጂ አላወቀውም። ከደጋው አፋፍ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። መንገዱ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ሲሄድ ብርዱ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ጋቢውን የለበሰ ያወልቃል፤ የፍሬኑ ሽታ ይከረፋል፤ ሽማግሌዎች ያማትባሉ። ከታች ከድልድዩ ስንደርስ ወታደሮች ቆመው ይጠብቁ ነበር። አውቶቡሱ በዝግታ ሲሻገር ያ ወላጅ የሌለው ጓደኛችን በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ድፍርሱን ውኃ ተመለከተና «እንግዲህ ከጎጃም ወጣን ማለት ነው» አለ። ከዚያ በኋላ እስከ ጎሃ ጽዮን ድረስ አልተናገረም። ዛሬ በዚያው ሥፍራ አጠገብ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራ፣ 303 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ ድልድይ አለ፤ የተመረቀውም በ2001 ዓ.ም. መባቻ ነው። ድልድዩ ቢለወጥም ከአገር መውጣት ለሚሰማው ልጅ ወንዙ ያው ወንዝ ነው።

ገብረ ጉራቻን፣ ፍቼን፣ ሙከ ጡሪንና ጫንጮን አልፈን የሱሉልታን ሜዳ ካቋረጥን በኋላ አውቶቡሱ የእንጦጦን ጋራ መውጣት ጀመረ። ባሕር ዛፉ ግራና ቀኝ ቆሟል፤ ሴቶች ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል ይወርዳሉ። ከጫፉ ላይ ሆነን ወደ ታች ስናይ አዲስ አበባ ተዘርግታለች። የቆርቆሮ ጣራው በከሰዓት በኋላው ፀሐይ ያብለጨልጫል፤ ዳርቻው አይታይም። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በዚህች ከተማ የተገኘው ነዋሪ ከ2,100,000 በላይ ነበር። የኛ ከተማ ሕዝብ 50,000 አይሞላም። «ይህ ሁሉ ሰው ምን በልቶ ያድራል?» ሲሉ አንዲት ከኋላችን የተቀመጡ እናት ጠየቁ። የመለሰላቸው የለም።

አውቶቡሳችን መርካቶ ከሚገኘው አውቶቡስ ተራ ገባ። ገበያው ከአራዳ ወደዚህ የተዛወረው በጣልያን ወረራ ዘመን ነው፤ እኛ በገባንበት ሰዓት ግን አዲስ አበባ በሙሉ እዚያ የተሰበሰበች መሰለን። ተሸካሚዎች ሳጥናችንን ከእጃችን ሊነጥቁ ይታገላሉ፤ የታክሲ ረዳቶች ይጣራሉ፤ ሎተሪ አዟሪው፣ ማስቲካ ሻጩ፣ ለማኙ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይናገራል። በአገራችን ሰው ሲተላለፍ «እንደምን ዋልህ» ይባባላል። እዚህ ግን በትከሻ ገፍቶ የሚያልፈው እንጂ የሚሰላመው አላገኘንም።

እዚህ ላይ ነው እኔ የወደቅሁት። ያ ባለ አደራዬ የላስቲክ ኮንጎ ጫማ ተጫምቶ፣ ለሰውነቱ የሰፋ ኮት ለብሶ፣ አፉን ከፍቶ ፎቁን ሽቅብ ይቈጥር ነበር። ሁለት የከተማ ልጆች አዩትና ሳቁ። እኔም አፈርሁ። ያፈርሁት በሣቂዎቹ አልነበረም፤ በጓደኛዬ ነው። ስለዚህ እንደ አለቃ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «አንተ እዚህ ሆነህ ሳጥኖቹን ጠብቅ፤ እኛ ታክሲ ፈልገን እንመጣለን» አልሁት። ታክሲው በዓይናችን ፊት ቆሞ ነበር። እኛ ስድስታችን የሄድነው ገበያውን ለማየት ነው። ጨርቁን፣ ጫማውን፣ የሚዘፍነውን ቴፕ ሁሉ እያየን ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየን።

ስንመለስ ልጁ ሰባቱን ሳጥኖች እንደ ግንብ ደርድሮ በመካከላቸው ቆሟል። ፊቱ ዐመድ መስሏል። በእጁ ከደብተር የተቀደደ ቁራጭ ወረቀት ይዟል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እኛ እንደ ሄድን አንድ ንጹሕ ልብስ የለበሰ ወጣት ቀርቦ፣ በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶ፣ «አንተ የማርቆስ ልጅ አይደለህም እንዴ? እኔም የዚያው ነኝ» አለው። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ መሆኑን፣ አዲስ ተማሪዎችን እንዲቀበል መላኩን፣ ለፍራሽና ለብርድ ልብስ መያዣ ገንዘብ አስቀድሞ መክፈል እንደሚያስፈልግ ነገረው። በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ የአገሩን ስም የጠራለት ሰው እርሱ ብቻ ነበርና ልጁ የሸሚዙን ገበር ተርትሮ፣ አያቱ ከጠላው ሽያጭ ብር በብር ያጠራቀሙለትን 80 ብር አውጥቶ ሰጠ። ሰውየውም በወረቀቱ ላይ «ተቀብያለሁ» ብሎ ጽፎ ፈረመለትና ሄደ።

«ጥግ ሲደርስ ሮጠ» አለን ጓደኛችን። «ያን ጊዜ ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተከተልኸውም?» አልሁት በቁጣ።

«ሳጥኖቹስ?» አለኝ።

ሌላ አልጨመረም። የኛን ዕቃ ትቶ ቢሮጥ ምናልባት ገንዘቡን ያገኝ ነበር። እኛ ገበያ እያየን ሳለን እርሱ የራሱ ሲሄድ እያየ የኛን ጠበቀ። እኔ በአደራ የተቀበልሁትን ጥዬ ሄድሁ፤ እርሱ በአደራ የተቀበለውን አልጣለም። በዚያች ሰዓት መሬት ብትከፈት በገባሁ ነበር።

ቀጥሎ፣ «እኔ ወደ አገሬ እመለሳለሁ። ለመሳፈሪያ ብቻ አበድሩኝ፤ አያቴን ምን ብዬ ገንዘብ ድገሚኝ እላታለሁ?» አለ። በዚያን ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምግቡና መኝታው በመንግሥት ነበር፤ የወጪ መጋራት የሚባለው ደንብ ገና አልመጣም። ይሁን እንጂ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ሳሙናና መሳፈሪያ፣ የታመመም እንደ ሆነ መድኃኒት የሚገዛው ከኪስ ነው። ባዶ ኪስ ይዞ አንድ ዓመት መኖር እንደማይቻል ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ማንም «አትመለስ» ለማለት አልደፈረም።

ዝምታውን የሰበረችው ከሁለቱ ሴቶች ልጆች አንዷ ናት። ምንም ሳትናገር የነጠላዋን ጫፍ ፈታችና ያላትን 110 ብር በሙሉ ከአንዱ ሳጥን ክዳን ላይ አኖረችው። «እናንተም አውጡ» አለች። በክፍል ውስጥ ቆጥቋጣ እያልን የምንቀልድበት የነጋዴ ልጅ ሁለተኛ ሆኖ 180 ብር አስቀመጠ። እኔ 120፣ ሌሎቹ 100፣ 75፣ መጨረሻውም 45 ብር አወጣን። ተደምሮ 630 ብር ሆነ። ለሰባት ቢካፈል ለያንዳንዱ 90 ብር ይደርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ያልታሰበ ነገር መጣ። 45 ብር ያስቀመጠው ልጅ፣ «እኔ ከዚህ ልውጣ፤ በሰው ጉዳት እኔ አላተርፍም» ብሎ ገንዘቡን ሊያነሣ እጁን ዘረጋ። ልጅቱ እጁን ያዘችና፣ «ይህ ትርፍ አይደለም፤ ማኅበር ነው» አለችው። እንዲሁ ሆነ። ለያንዳንዳችን 90 ብር ደረሰን። ብድር አልተባለም፤ ስጦታም አልተባለም፤ የሚመለስበትም ቀን አልተቈረጠም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለውን ተረት ከሕፃንነታችን ጀምረን ስንለው ኖረናል፤ ሲፈጸም ያየነው ግን በዚያች ቀን በቆርቆሮ ሳጥን ላይ ነው።

አሁን የሚቀረው ስድስት ኪሎ መድረስ ነበር። በየትኛው አውቶቡስ እንደሚኬድ አላወቅሁም። መሪ ነኝ ስላልሁ መጠየቅ አፈርሁ፤ እንደ ገና እንዳንታለልም ፈራሁ። «ከእንግዲህ ማንንም አንጠይቅም» አልሁ። ይህን ስል ያ የተዘረፈው ልጅ ተነሥቶ ወደ አንድ ትንሽ ሊስትሮ ሄደና ዝቅ ብሎ ጠየቀው። ሊስትሮውም ብሩሹን ጥሎ ተነሣ። «ጋሼ፣ ተከተሉኝ» ብሎ እስከ ፌርማታው ድረስ አደረሰን፤ ቁጥሩንም ነግሮን፣ «ሳጥናችሁን በመካከል አድርጉ፤ ኪሳችሁን ያዙ» ብሎ መከረን። የሻይ ብንሰጠው አልቀበልም ብሎ ሮጠ።

በዚያ ቀን አንድ የከተማ ሰው ዘረፈን፤ አንድ የከተማ ልጅ መራን። የተዘረፈው ልጅ በመጀመሪያው ምክንያት ሁለተኛውን ቢፈራ ኖሮ መርካቶ ላይ ይመሽብን ነበር። ገንዘብ መጥፋቱ ጉዳት ነው፤ ሰውን ማመን ጨርሶ ቢጠፋ ግን ከዚያ የበለጠ ጉዳት ነው። ይህን እኔ የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እርሱ ግን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተረድቶት ነበር።

በቀይና ቢጫ ቀለም በተቀባው አንበሳ አውቶቡስ ተጨናንቀን፣ የቅዱስ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን እያየን ፒያሳን አለፍን። ያን ጊዜ ያየናቸው የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ በ2016 ዓ.ም. ፈርሰዋልና የዛሬ ተማሪ እኛ ያየነውን አያይም። አራት ኪሎ ላይ የሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የድል መታሰቢያ ሐውልት፣ ስድስት ኪሎ ላይም የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ሰማዕታት ሐውልት ተቀበሉን። በታሪክ መጽሐፍ በሥዕል የምናውቀውን ነገር በዓይናችን ስናይ ድካማችን ለጊዜው ተረሳን።

የዩኒቨርሲቲው ግቢ ቀድሞ ገነተ ልዑል የሚባል ቤተ መንግሥት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ለትምህርት ሰጥተውት በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ተመረቀ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ስም ያገኘው ከአብዮቱ በኋላ ነው። ከቀድሞው ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ወደየትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። ፋሺስቶች ለያንዳንዱ የአገዛዛቸው ዓመት አንድ እርከን እየቈጠሩ ሠርተውት ነበር፤ ድል ከተነሡ በኋላ ከጫፉ ላይ የአንበሳ ምስል ተቀመጠበት። አንድ ነባር ተማሪ ይህን ሲያስረዳን ጓደኛችን ደረጃውን ትክ ብሎ አየና፣ «መውጣት ብቻውን መድረስ አይደለም ማለት ነው» አለ። በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሁላችንም ሳቅን።

ፍራሽና ብርድ ልብስ ያለ መያዣ ተሰጠን። ማታ በመኝታ ክፍሉ ውስጥ ከየአገሩ የመጡ ልጆች በየቋንቋቸው ሲንሾካሾኩ ሰማን። ለካ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ወንዝና የየራሳቸውን ጋራ ተሻግረው የመጡ ናቸው። እኔ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ከአጠገቤ የተኛውን ልጅ፣ «ይቅር በለኝ፤ ትቼህ መሄድ አልነበረብኝም» ልለው አፌን ብከፍት፣ ቀድሞኝ እንቅልፍ ወስዶታል።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ ወዲህ ከተማውም መንገዱም ተለውጧል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. የከተማ ባቡር ሥራ ጀመረ፤ ተማሪው በኪሱ ስልክ ይዞ ይጓዛል፤ ምደባውም ከአዲስ አበባ ሌላ ወደ ጅማ፣ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ መቀሌ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ይወስደዋል። ሆኖም የመጀመሪያው ቀን ፈተና አልተለወጠም። ስለዚህ ከጓደኞችህ ጋር የምትጓዝ ከሆነ ጥቂት ነገር ልምከርህ። ገንዘብህን በአንድ ሥፍራ አታኑር። ክፍያ የሚጠየቀው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ነው እንጂ በመናኸሪያ አይደለም። አንድ ሰው ብቻውን ዕቃ አይጠብቅ፤ ሁለት ሁኑ። የማታውቀውን አላውቅም በል፤ መጠየቅ አያሳፍርም። ከሁሉም በላይ በጓደኛህ ጫማና ኮት አትፈር። በባዕድ ከተማ ያለህ ዘመድ እርሱ ነውና።

ሰባት ሆነን ሄድን፤ ሰባት ሆነን ደረስን። ሰባት ሆነን አልጨረስንም፤ በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱ በውጤት ምክንያት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ያ ባለ 80 ብሩ ልጅ ግን ትምህርቱን ፈጸመ፤ ዛሬም አስተማሪ ነው።

በ1988 ዓ.ም. ክረምት ለዕረፍት ወደ ደብረ ማርቆስ በሄድን ጊዜ አብሬው ወደ አያቱ ቤት ገባሁ። እኒያ ሴት ጠላ ቀድተው ሰጡኝና፣ «ልጄ፣ አደራዬን ጠበቅህልኝ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ስለ ገንዘቡ ምንም አልሰሙም። እኔም ዋንጫውን በእጄ ይዤ መሬት መሬት አየሁ። እውነቱን ልናገር ስል ልጁ ከምድጃው አጠገብ ሆኖ ቀደመኝ።

«ጠብቆኛል፣ አያቴ» አለ።

የዚያች ቃል ዕዳ እስከ ዛሬ አለብኝ።